ስንዴ፣ ወተት፣ ሰሊጥና ኦቾሎኒ ለተከለከለ ልጅ ፋይበር ከየት ይምጣ?

ጥያቄ፦ "አራት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ወንድ ልጅ አለኝ። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሁለት ዓመት ከምናምኑ ላይ ኦቾሎኒ ቀምሶ ፊቱ አበጠና ድንገተኛ ክፍል ገባን። ከዚያ በተደረገለት ምርመራ ለኦቾሎኒ፣ ለስንዴ፣ ለወተትና ለሰሊጥ አለርጂ እንዳለበት ተነገረን። ስንዴ አለበት ስላሉኝ የሱቅ እንጀራ አቆምኩ። ኦቾሎኒ ጥራጥሬ ነው ሲሉኝ ደግሞ ምስሩንም ሽሮውንም አቆምኩ፤ ቀድሞ ግን ሁለቱንም ይበላ ነበር። አሁን የሚበላው ነጭ ሩዝ፣ የሩዝ ዱቄት ዳቦ፣ ዶሮ፣ የድንች ጥብስና ቺፕስ ነው። የሚጠጣው የሩዝ ወተትና የአፕል ጭማቂ ነው። ካካ የሚለው በአራት ቀን አንዴ ነው፣ ያውም እያለቀሰ። ሐኪሙ 'ፋይበር ጨምሩለት' ከማለት ሌላ ነገር አልነገረንም። እናቴ ተልባ ስጪው ትለኛለች። እኔ ግን አዲስ ነገር ልስጠው ስል እጄ ይንቀጠቀጣል። ምን ላድርግ?"

ምላሽ፦

እህታችን፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። የልጇን ፊት አብጦ ያየች እናት ጥርጣሬ ያለበትን ምግብ ሁሉ ከቤት ብታስወጣ አይፈረድባትም። የጻፉልኝን ዝርዝር ሳየው ግን ልጅዎን ፋይበር ያሳጣው አለርጂው ብቻ አይደለም። ሐኪሙ አራት ምግብ ከለከለ፤ ከገበታው የወጣው ግን ከአራት በላይ ነው። በወጣው ምትክ የገባው ደግሞ ሁሉም ነጭና የተፈተገ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተስተካከሉ፣ አራቱንም የተከለከሉ ምግቦች ሳይነኩ በቂ ፋይበር ማግኘት ይቻላል።

መጀመሪያ ስለ መጠኑ። በአሜሪካ ከ4 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ የተቀመጠው በቀን 25 ግራም ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ደግሞ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ 14 ግራም ይበቃል ይላል። ሐኪሞች በቀላሉ የሚያስሉት ሌላም መንገድ አለ፦ የልጁ ዕድሜ ላይ 5 መደመር። በዚህ ስሌት ለልጅዎ ዝቅተኛው ወደ 10 ግራም ይመጣል። እኔ ብሆን መጀመሪያ 10ን እይዛለሁ፣ ቀስ ብዬ ወደ 14 እና 15 እሄዳለሁ። 25ን አይተው አይደንግጡ። አለርጂ የሌለባቸው ልጆችም ብዙዎቹ እዚያ አይደርሱም።

አሁን ያለበትን እንይ። አንድ ኩባያ የበሰለ ነጭ ሩዝ ከ1 ግራም በታች ፋይበር ነው ያለው። ዶሮ ምንም የለውም። የአፕል ጭማቂም የለውም ማለት ይቻላል። ከስንዴ ነፃ የሚባለው ዳቦ አብዛኛውን ጊዜ ከሩዝ ዱቄት፣ ከታፒዮካና ከድንች ስታርች ነው የሚጋገረው፤ ስለዚህ ከሙሉ ስንዴ ዳቦ ጋር አይወዳደርም። የልጅዎ ቀን በሙሉ ተደምሮ 5 ግራም መድረሱን እጠራጠራለሁ።

ነገር ግን ነገ ጠዋት ተነስተው ፋይበር እንዳያሸክሙት። በአራት ቀን አንዴ፣ ያውም እያለቀሰ የሚወጣ ልጅ አንጀቱ ውስጥ የቆየ ደረቅ ነገር ሊኖር ይችላል። እዚያ ላይ ፋይበር ሲጨመር ሆዱ ይነፋል፣ ቁርጠቱ ይብሳል፣ ልጁም ይበልጥ ይይዛል። የያዘው ደግሞ ይደርቃል፣ ሲወጣ ያመዋል፣ ስላመመው በሚቀጥለው ጊዜም ይይዛል። ይህን ዑደት ምግብ ብቻውን አይሰብረውም። የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ የሕፃናት ሆድ ዕቃ ሐኪሞች ማኅበራት በ2014 ባወጡት መመሪያ ለዚህ በቅድሚያ የሚመክሩት ፖሊኢታይሊን ግላይኮል የተባለውን ማለስለሻ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ሚራላክስ በሚለው ስሙ ያውቀዋል። ስለ ፋይበር የሚሉት ደግሞ ልጁ የዕድሜውን ያህል ያግኝ ነው፤ ከዚያ በላይ በዱቄትና በክኒን መጨመሩን አይደግፉም። ስለዚህ ሐኪምዎ ጋ ይደውሉና "አንጀቱ መጀመሪያ መጽዳት አለበት ወይ? በምን ያህል መጠን?" ብለው ይጠይቁ። የውስጥ ሱሪው ላይ ትንሽ ትንሽ የሚነካካ ነገር ካዩ እንደ ተቅማጥ አይቁጠሩት፤ ብዙ ጊዜ ከደረቀው ጎን እየሾለከ የሚወጣ ነው። ለሐኪሙ ይንገሩት።

አሁን ወደ እንጀራው። እንጀራ በማቆምዎ አልተሳሳቱም፤ የሱቁ እንጀራ በእርግጥ ያሰጋል። በዲሲና በቨርጂኒያ አካባቢ የሚሸጠው ብዙው እንጀራ ድብልቅ ነው፤ ከጤፉ ጋር ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ ወይም ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለው የስንዴ ዱቄት ይገባበታል። ጤፍ ራሱ ግን ስንዴ አይደለም፣ ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲንም የለውም። ለስንዴ አለርጂ ላለበት የሐበሻ ልጅ ከጤፍ የተሻለ ምግብ አላውቅም። ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ጤፍ ወደ 3.5 ግራም ፋይበር አለው። ተቦክቶ እንጀራ ሲሆን ደግሞ ብረትና ዚንክን ይዞ የሚያስቀረው ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ወተትና ስንዴ ለቀረበት ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከሱቅ የሚገዙ ከሆነ "መቶ በመቶ ጤፍ" የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አይመኑ። ጋጋሪውን ይጠይቁ፦ ድብልቁም እዚሁ ቤት ይጋገራል? በአንድ ምጣድ ነው? በአንድ ባልዲ ነው የሚቦካው? ማሸጊያው ላይ ስንዴ በሕግ የግድ ተለይቶ ይጻፋል። ገብስ ግን አሜሪካ ውስጥ ከዘጠኙ ዋና ዋና የአለርጂ ምግቦች መካከል የለም፤ ስለዚህ "ይዟል" የሚለውን የማስጠንቀቂያ መስመር አይተው አይለፉ፣ ዝርዝሩን ሙሉውን ያንብቡ። ስንዴ የማይስማማቸው አንዳንድ ልጆች ገብስም አይስማማቸውም። በሶና የገብስ ገንፎም የአለርጂ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይጀመሩ።

ከሁሉም የሚሻለው እቤት መጋገር ነው። እዚህ ላይ ብዙ እናቶች የማያስቡት ነገር እርሾው ነው። ጎረቤትዎ ቆንጆ እርሾ አላት እንበል። እሷ የምትጋግረው ድብልቅ ከሆነ ግን እርሾዋ ውስጥ ስንዴ አለ። ያንን ንጹሕ ጤፍ ላይ ጠብ ሲያደርጉት ስንዴውን መልሰው ከተቱት ማለት ነው። እርሾዎን ከባዶ ያስነሱ፦ የጤፍ ዱቄትና ውሃ ብቻ፣ ለጥቂት ቀን ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይተዉት፤ አረፋ ካወጣና ከኮመጠጠ ደርሷል። ምጣዱም፣ ማሰሻውም፣ ሰፌዱም ለብቻ ይሁን። ዱቄቱን በተመለከተ፣ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ዱቄት ምን ጊዜም ያሳስበኛል። ወፍጮ ቤት ስንዴው፣ ገብሱና ጤፉ በየተራ በአንድ ድንጋይ ነው የሚፈጨው። እዚህ አሜሪካ አይዳሆ ውስጥም ጤፍ ይመረታል፤ ማሸጊያው ላይ ከግሉተን ነፃ የሚል የተጻፈበትን ይፈልጉ። ሥራ በዝቶ እንጀራ ካልተቻለም ችግር የለም። የጤፍ ገንፎ በዘይት፣ ወይም ስስ የጤፍ ቂጣ በመጥበሻ ላይ በደቂቃዎች ይደርሳል።

በጣም ላተኩርበት የምፈልገው ግን ምስሩና ሽሮው ነው። ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር ወደ 8 ግራም ፋይበር አለው። ልጅዎ የዚያን ግማሽ፣ ማለትም አራት የሾርባ ማንኪያ ያህል ቢበላ 4 ግራም አገኘ። ሩዝ ይህን ሊተካ አይችልም። ኦቾሎኒ ከምስርና ከሽምብራ ጋር ዘመድ መሆኑ እውነት ነው። የደም ምርመራም ስለ ዝምድናቸው ሲል ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ነገር ግን የደም ወይም የቆዳ ምርመራ ፖዘቲቭ ስላለ ብቻ ልጁ ያንን ምግብ ሲበላ ይታመማል ማለት አይደለም። ኦቾሎኒ የማይስማማቸው ልጆች አብዛኞቹ ምስርና ሽምብራ ያለ ችግር ይበላሉ። የእርስዎ ልጅ ደግሞ ይበላ እንደነበር ራስዎ ነግረውኛል።

ይህ ማለት ዛሬ ማታ ምስር ወጥ ይቅረብለት ማለት አይደለም። ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ በከባድ አለርጂ የሚታወቅ ልጅም ነው። የአለርጂ ሐኪሙ ጋ ይደውሉና እንዲህ ይበሉ፦ "ልጄ ከኦቾሎኒው በፊት ምስርና ሽሮ ያለ ችግር ይበላ ነበር። እኔ ነኝ ያስቆምኩት። እቤት መልሼ ልጀምርለት ወይስ እናንተ ጋ መጥቶ ይቅመስ?" ይህች አንዲት ጥያቄ ከየትኛውም የፋይበር ዱቄት ትበልጥብኛለች። ጨርሶ ያልተከለከለ ምግብ በፍርሃት ለዓመታት ከገበታ እንዲርቅ መተው በፋይበሩም፣ በፕሮቲኑም፣ በብረቱም ይጎዳል።

ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ሦስት ነገሮችን ይጠንቀቁ። የመጀመሪያው ግብጦ ነው። ግብጦ ለኦቾሎኒ በጣም ይቀርባል፤ ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ግብጦ ሲበላ ሊታመም ይችላል። አውሮፓ ውስጥ ማሸጊያ ላይ የግድ ከሚጠቀሱት 14 የአለርጂ ምግቦች አንዱ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ከዘጠኙ ውስጥ የለም። የሚገርመው ደግሞ ከስንዴ ነፃ በሆኑና "ከፍተኛ ፋይበር" ተብለው በሚሸጡ ፓስታዎችና ብስኩቶች ውስጥ የሚገባው እሱ ነው፤ ሉፒን ብለው ይጽፉታል። ለፋይበር ብለው ሲገዙ ይህንን ስም ይፈልጉ። ሁለተኛው አብሽ ነው። እሱም የዚሁ ቤተሰብ ነው፣ ከኦቾሎኒ ጋር ሊጋጭም ይችላል። ሽሮ ዱቄት ውስጥ፣ በርበሬ ውስጥ፣ ንጥር ቅቤ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሽሮውን ከመጀመር ምስሩን መጀመር ይቀላል፦ ድፍን ምስር፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ጨው፣ በቃ። ክኩ ልጣጩ ስለተገፈፈ ፋይበሩ ይቀንሳል፤ ድፍኑ ይሻላል። ሽሮ ሲደርስ ምን ምን እንደገባበት የሚያውቁትን፣ ራስዎ ያዘጋጁትን ይስጡት።

ሦስተኛው ቅቤው ነው። ንጥር ቅቤ ቢነጠርም የወተት ፕሮቲን ርዝራዥ ይቀርበታል። ምግብ ቤት ሽሮ ሲያዙ፣ ዘመድ ቤት ዶሮ ወጥ ሲቀርብ ይጠይቁ። "የጾም ነው" ማለት ለወተት ጥሩ ዋስትና ነው፤ ለስንዴ፣ ለሰሊጥና ለኦቾሎኒ ግን ዋስትና አይደለም፤ በጾም ምግብ ውስጥ እንዲያውም ሰሊጥና ኦቾሎኒ ይበዛሉ። ቅቤውን የማነሳው ለድርቀቱም ጭምር ነው። በ1998 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት ሥር የሰደደ ድርቀት ከነበረባቸው 65 ልጆች 44ቱ የላም ወተት ወደ አኩሪ አተር ወተት ሲቀየርላቸው መሻላቸውን አሳይቷል። ለሁሉም ልጅ የሚሠራ ነገር አይደለም። ወተት የማይስማማው ልጅ ላይ ግን ድርቀቱ አልሄድ ካለ፣ ወተት በሆነ ቀዳዳ እየገባ እንዳይሆን ማየት ተገቢ ነው።

ስለ ጭማቂው አጭር ልበል። ያቁሙት። በምትኩ ፍሬውን ከነልጣጩ ይስጡት። ለዚህ ችግር ከአፕልም ፒር ይሻላል። መካከለኛ ፒር ከነልጣጩ 5 ግራም ያህል ፋይበር አለው፤ ውስጡ ያለው ሶርቢቶል የሚባል ስኳርም ውሃ ወደ አንጀት ይስባል። የደረቀ ፕለምም እንደዚሁ ይሠራል። ሩብ አቮካዶ ወደ 3 ግራም ይሰጣል፤ ጨው ጠብ አድርገው ሲፈጩት ለሩዙም ለድንቹም ማባያ ይሆናል። ዘይቱን (ጓቫ) የተባለውን ፍሬ ካገኙ ደግሞ ከፍራፍሬዎች ሁሉ ፋይበር ከሚበዛባቸው አንዱ ነው። ቺፕሱን በስኳር ድንች ይተኩት፤ ከነልጣጩ ታጥቦ፣ በጣት መጠን ተቆርጦ፣ በዘይት ተነክሮ ኦቭን ውስጥ ይገባል። ጎመን ብዙ ልጅ አይወድም። በደንብ ተከትፎ፣ ካሮትና ድንች ገብቶበት ሲለሰልስ ግን ይበላል። ሩብ ኩባያ የተቀቀለ ጎመን ወደ 2 ግራም ነው። ጥሬ አፕል ሲበላ ከንፈሩን ወይም ጉሮሮውን የሚያሳክከው ከሆነ ለአለርጂ ሐኪሙ ይንገሩ፤ የአበባ ብናኝ አለርጂ ያለባቸው ልጆች ላይ ይታያል፣ የበሰለው ብዙ ጊዜ አይነካቸውም።

እናትዎ ስለ ተልባ ያሉት ልክ ነው፣ ግን አሰጣጡ ይወስነዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 2 ግራም ያህል ፋይበር አለው። ለልጅዎ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ገንፎው ላይ ይደባለቅ። ሳይፈጭ ከሰጡት እንደገባ ይወጣል። ተዘፍዝፎ በወንፊት የተጠለለውም ለስላሳውን እንጂ ዋናውን ፋይበር አያደርስለትም፤ እሱ ወንፊቱ ላይ ቀርቷል። ትልቁ ስጋቴ ግን ሰሊጡ ነው። ሰሊጥና ተልባ በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ጭልፋ፣ በአንድ ወፍጮ ነው የሚያልፉት። ታሽጎ የመጣ፣ ሰሊጥ በማይነካው ቦታ የተዘጋጀ ተልባ ይግዙና እቤት በንጹሕ መፍጫ ይፍጩት። ተልባ ራሱም አልፎ አልፎ አለርጂ ያመጣል፤ ከዚህ በፊት ቀምሶ ካላወቀ ሐኪሙን ሲደውሉ አብረው ያንሱት። ሰሊጥን ካነሳን፣ ከጥር 2023 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ማሸጊያ ላይ የግድ ይጻፋል። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ዳቦ ጋጋሪዎች ሰሊጥ ሆን ብለው መጨመር ጀምረዋል። ድሮ የሚገዙት ዳቦ ስለሆነ ብቻ አይመኑት፣ በየጊዜው ያንብቡ።

እንግዲህ አንድ ቀኑን ልደምርልዎት። ጠዋት ግማሽ ኩባያ የጤፍ ገንፎ፣ 3.5። ምሳ ላይ ምስር በሩዝ ወይም በጤፍ እንጀራ፣ ከምስሩ ብቻ 4። ከሰዓት ግማሽ ፒር፣ ወደ 2.5። እራት ላይ ዶሮው ይቀጥል፤ ከጎኑ ሩብ አቮካዶና ትንሽ ጎመን፣ 5። ይኸው 15 ግራም ደረስን፤ እንጀራውን እንኳን አልቆጠርኩትም። ምስሩ እስኪፈቀድም ቢሆን ወደ 11 ይሆናል። ስንዴ የለም፣ ወተት የለም፣ ሰሊጥና ኦቾሎኒ የለም።

ይህ ግን በአንድ ሳምንት አይደረግም። አንድ አዲስ ምግብ በአንድ ጊዜ፣ በትንሹ፣ ጠዋት ላይ፣ ክሊኒኩ ክፍት በሆነበት ቀን፣ ኤፒፔኑ (ለከባድ አለርጂ የሚወጋው መርፌ) ቅርብ ሆኖ ይጀመር። ጥቂት ቀን ይጠብቁና ወደሚቀጥለው ይሂዱ። ከምግቡ ጋር ውሃ ይጨምሩ። በዚህ ዕድሜ በቀን እስከ አምስት ኩባያ ፈሳሽ ያስፈልገዋል፤ ያለ ውሃ ፋይበር ያደርቃል እንጂ አያለሰልስም። ፋይበሩን ግን ከመጠን አያሳልፉ። የልጅ ሆድ ትንሽ ናት፤ በፋይበር ብቻ ከሞላች ጉልበት የሚሰጠው ምግብ ቦታ ያጣል፣ ኪሎውም ይቆማል። ለዚህ ነው ገንፎው ላይ ዘይት፣ ሳህኑ ላይ አቮካዶ የምለው።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። የሩዝ ወተቱን ይቀይሩ። ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው፤ በውስጡ በሚገኘው አርሴኒክ ምክንያትም እንግሊዝ አገር ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ይመከራል። አኩሪ አተር የሚስማማው ከሆነ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ይሻላል። እሱም ጥራጥሬ ስለሆነ ለአለርጂ ሐኪሙ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ውስጥ ይግባ።

የፋይበር ዱቄት ለመግዛት ፋርማሲ ከሄዱ ይጠንቀቁ። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው አንዳንዱ ከስንዴ ነው የሚወጣው፤ ለስንዴ አለርጂ አይሆንም። ሲሊየም የሚባለውም በራሱ አለርጂ ያመጣባቸው ሰዎች አሉ። ሐኪሙ ካላዘዘው አልመክረውም።

ካካ ያለበትን ቀን፣ ደረቅ ወይስ ለስላሳ እንደነበር፣ ማልቀሱንና አለማልቀሱን በማስታወሻ ይያዙ። ከምግብ በኋላ አምስት አስር ደቂቃ ይቀመጥ፤ እግሩ አየር ላይ እንዳይንጠለጠል ከሥሩ ዱካ ያድርጉለት። ማለስለሻውም ምግቡም ተጀምሮ በሦስት ሳምንት ለውጥ ከሌለ ማስታወሻውን ይዘው ሐኪሙ ጋ ይመለሱ። ካካው ላይ ደም ካዩ፣ ሆዱ ተነፍቶ ካስመለሰው ወይም ኪሎ ከቀነሰ ግን ሦስት ሳምንቱን አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይውሰዱት።